የስልክ መስመር ዝርጋታ፦ የሽቦ ቀለም አነባበብና የመለያ አጻጻፍ

በስልክ መስመር ሥራ ቀለምና መለያ ለየቅል ጥያቄ ይመልሳሉ። ቀለሙ «ይሄ ሽቦ የትኛው ነው?» ለሚለው መልስ ነው። መለያው ደግሞ «ከየት መጥቶ ወዴት ይሄዳል?» ለሚለው። አንዱ ብቻ ካለ ሥራው ግማሽ ነው። ቀለሙን ጠብቆ የታሰረ ግን ምንም ያልተጻፈበት ሳጥን ከዓመታት በኋላ ሲከፈት፣ የከፈተው ሰው እያንዳንዱን መስመር እየነካካ ለመፈለግ ይገደዳል። መለያው ኖሮ ቀለሙ የተዘበራረቀ ከሆነ ደግሞ ይብሳል። የተጻፈው ሌላ፣ የታሰረው ሌላ ይሆናል።

ሥራዬን የምለካው በአንድ ነገር ነው። ነገ ያንን ሳጥን የሚከፍት የማላውቀው ሰው፣ ለእኔ ሳይደውል ሥራውን መጀመር ይችላል ወይ? ይህን ጥያቄ በአእምሯችሁ ይዛችሁ አንብቡ።

መመሪያው ለመዳብ የስልክ ኬብል ነው። ፋይበር በገባበት ሕንፃ ውስጥ እንኳ የኤክስቴንሽን ስልኮች፣ የሊፍት ስልክ፣ ፋክስና የማስጠንቀቂያ መስመሮች ብዙ ጊዜ አሁንም በመዳብ ነው የሚሄዱት።

ከመንካታችሁ በፊት

የስልክ መስመር «ኃይል የለውም» ተብሎ ይናቃል። ስልኩ ሳይነሳ መስመሩ ላይ 48 ቮልት አካባቢ ዲሲ አለ። ደረቅ እጅ ላይ ይሄ ብዙም አይሰማም። ስልክ ሲደወል ግን ወደ 90 ቮልት የሚጠጋ ኤሲ ይመጣል። መሰላል ላይ ቆማችሁ ባዶ ሽቦ በያዛችሁበት ሰዓት ከተደወለ፣ ድንጋጤው ብቻውን ሊጥላችሁ ይችላል። ስለዚህ ከተቻለ መስመሩን መግቢያው ላይ ንቀሉት። መብረቅ ባለበት ሰዓት ደግሞ ሥራውን ተዉት።

የስልክ ሽቦና የመብራት ሽቦ በአንድ ቱቦ ወይም በአንድ ሳጥን ውስጥ መሆን የለባቸውም። አሮጌ ሕንፃ ውስጥ ግን ተቀላቅለው ታገኟቸዋላችሁ። ቀይና ጥቁር ሽቦ በመብራት ሥራም አለ። ቀለም አይታችሁ ብቻ «ይሄማ የስልክ ነው» ብላችሁ አትያዙት። መጀመሪያ በቴስተር (በመልቲሜትር) ለኩት።

የሚያስፈልጉት ዕቃዎች ብዙ አይደሉም። ልባስ መግፈፊያ፣ ፓንች ዳውን የሚባለው የሽቦ መምቻ፣ መልቲሜትር፣ ድምፅ ላኪና ተቀባይ ያለው ቶነር፣ መለያ ማተሚያ። አንድ የሚረሳ ነገር አለ፤ ነጭ ብርሃን የሚሰጥ ባትሪ። ቢጫ አምፖል ሥር ነጩና ቢጫው ይመሳሰላሉ፤ ሰማያዊውና ሐምራዊውም እንደዚያው። ቀለም የማንበብ ስሕተት ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ሥርዓቱን ካለማወቅ ሳይሆን ከደብዛዛ ብርሃን ነው።

ቲፕና ሪንግ

አንድ የስልክ መስመር ሁለት ሽቦ ነው። ሁለቱ አንድ ላይ ፔር ይባላሉ። አንዱ ቲፕ፣ ሌላው ሪንግ ነው። ስሙ የመጣው ከድሮው የእጅ ስዊችቦርድ መሰኪያ ነው። የመሰኪያው ጫፍ ቲፕ፣ ከጫፉ ቀጥሎ ያለው ቀለበት ደግሞ ሪንግ ነበር።

ዛሬ ማወቅ ያለባችሁ ይህን ነው፦ ቲፕ ለመሬት የሚቀርበው ፖዘቲቩ ሽቦ ነው። ሪንግ ኔጋቲቩ ነው፤ 48 ቮልቱ ያለው እሱ ላይ ነው። የቀለሙ ሥርዓት በሙሉ በዚህ ላይ የቆመ ነው። እያንዳንዱ ፔር አንድ የቲፕ ቀለምና አንድ የሪንግ ቀለም አለው።

የ25 ፔር ቅደም ተከተል

አሥር ቀለም ብቻ ነው የሚያዘው። አምስቱ የቲፕ፣ አምስቱ የሪንግ።

የቲፕ ቀለሞች በቅደም ተከተል፦ ነጭ፣ ቀይ፣ ጥቁር፣ ቢጫ፣ ሐምራዊ።

የሪንግ ቀለሞች በቅደም ተከተል፦ ሰማያዊ፣ ብርቱካናማ፣ አረንጓዴ፣ ቡናማ፣ ግራጫ።

የቲፕ ቀለም ቡድኑን ይነግራል። የሪንግ ቀለም በቡድኑ ውስጥ ስንተኛ እንደሆነ ይነግራል። ከ1 እስከ 5 ያሉት ነጭ፣ ከ6 እስከ 10 ቀይ፣ ከ11 እስከ 15 ጥቁር፣ ከ16 እስከ 20 ቢጫ፣ ከ21 እስከ 25 ሐምራዊ ናቸው። በየቡድኑ ውስጥ አንደኛው ሰማያዊ፣ ሁለተኛው ብርቱካናማ እያለ አምስተኛው ግራጫ ላይ ያልቃል።

ለማስታወስ መነሻ ፊደሎቹን ብቻ ያዙ፦ ነ፣ ቀ፣ ጥ፣ ቢ፣ ሐ ለቲፕ። ሰ፣ ብ፣ አ፣ ቡ፣ ግ ለሪንግ። ጮክ ብላችሁ ደጋግሙት። ሁለት ቀን ከሠራችሁበት በኋላ ወረቀት ማየት ይቀራል።

በምሳሌ እንየው። 18ኛው ፔር የቱ ነው? 18 ከ16 እስከ 20 ባለው ቡድን ውስጥ ነው፤ ስለዚህ ቲፑ ቢጫ ነው። በቡድኑ ሦስተኛ ነው፤ ስለዚህ ሪንጉ አረንጓዴ ነው። ቢጫ–አረንጓዴ። በተገላቢጦሹ፣ እጃችሁ ላይ ቀይ–ቡናማ ፔር ካለ፣ የቀይ ቡድን ከ6 ይጀምራል፤ ቡናማ አራተኛ ነው፤ 9ኛው ፔር ነው ማለት ነው።

ሽቦው ላይ ሲታይ ዋናው ቀለም ሰፊውን ቦታ ይይዛል፤ የአጣማሪው ቀለም በቀጭን ሰረዝ ወይም ቀለበት ይታያል። ነጭ ሆኖ ሰማያዊ ሰረዝ ያለው የ1ኛው ፔር ቲፕ ነው። ሰማያዊ ሆኖ ነጭ ሰረዝ ያለው ሪንጉ ነው። ስትጽፉም ስትናገሩም ሰፊውን ቀለም አስቀድሙ። «ነጭ–ሰማያዊ» እና «ሰማያዊ–ነጭ» ሁለት የተለያዩ ሽቦዎች ናቸው። ኬብሉ በሁለት ጫፍ በሁለት ሰው ሲታሰር፣ በስልክ እየተነጋገሩ ይህን የሚያምታቱ ብዙ ናቸው።

ከ25 ፔር በላይ በሆነ ኬብል ውስጥ ሽቦዎቹ በ25፣ በ25 ተከፋፍለው በባለቀለም ክር ይታሰራሉ። የክሩ ቀለምም ያንኑ ቅደም ተከተል ይከተላል። የመጀመሪያው 25 በነጭና ሰማያዊ ክር፣ ሁለተኛው በነጭና ብርቱካናማ ክር እያለ ይቀጥላል። እንዲህ እየተባለ በ24 ክር እስከ 600 ፔር ይደረሳል። 137ኛውን ፔር ብትፈልጉ፣ ከ126 እስከ 150 ያለው ስድስተኛው እስር ነው፤ ክሩ ቀይና ሰማያዊ ነው። 137 ሲቀነስ 125፣ 12 ይሆናል። 12ኛው ፔር ጥቁር–ብርቱካናማ ነው። ቀይና ሰማያዊ ክር ባለው እስር ውስጥ ጥቁር–ብርቱካናማውን ትፈልጋላችሁ፤ አለቀ።

ይህ ሥርዓት አሜሪካ ውስጥ በቤል የስልክ ድርጅት ተጀምሮ የተስፋፋ ነው። ሌላ ሥርዓት የሚከተል ኬብልም አለ። ልባሱን ከመግፈፋችሁ በፊት ላዩ ላይ የታተመውን ጽሑፍ አንብቡ። ከላይ የጠቀስናቸውን ቀለሞች የማታገኙበት ከሆነ የፋብሪካውን ሰንጠረዥ ፈልጋችሁ ያዙ። በግምት አትጀምሩ።

ኬብሉን መክፈት

እዚህ ላይ ቀስ በሉ። አብዛኛው የቀለም መደበላለቅ የሚፈጠረው በእነዚህ ሁለት ደቂቃዎች ውስጥ ነው።

ልባሱን ዙሪያውን በስለት ጫር አድርጉት እንጂ እስከ ውስጥ አትቁረጡት። ከዚያ ጎንበስ ቀና ስታደርጉት ራሱ ይሰነጠቃል። ውስጡ ጠንካራ የናይለን ክር ካለ፣ እሱን ይዛችሁ ወደ ኋላ ስትስቡት ልባሱን እየቀደደ ይሄዳል። ስለቱ የሽቦዎቹን ላስቲክ ሳይነካ ይቀራል።

ሽቦዎቹ ነፃ ሲወጡ ወዲያው አትበትኗቸው። ከ25 በላይ ከሆኑ ባለቀለሙ ክር ከመውደቁ በፊት እያንዳንዱን እስር ከሥሩ፣ ልባሱ ከተቆረጠበት ቦታ አጠገብ፣ በራሱ ክር ቋጥሩት። ክሩ አንዴ ከወደቀ የመጀመሪያውን 25 ከሁለተኛው 25 በዓይን መለየት አይቻልም፤ ቀለማቸው አንድ ነው።

ቀጥሎ አንድ ፔር ያዙና ከሥሩ እስከ ጫፉ በጣታችሁ ተከተሉት። ሁለቱ ሽቦዎች እርስ በርስ ተጠምዝዘዋል። ጫፉ ላይ ተፈትቶ ካገኛችሁት መልሳችሁ ጠምዝዙት። ለሁሉም ፔር እንዲሁ አድርጉ። ምክንያቱን ለማየት ርካሽ ኬብል በእጃችሁ ያዙ። ነጩ ሽቦ ላይ ያለው ሰረዝ ደብዝዟል፤ አንዳንዱ ላይ ጭራሽ የለም። ሽቦዎቹ ከተበተኑ አምስት ነጭ ሽቦ እጃችሁ ላይ ይቀራል። የትኛው የሰማያዊው፣ የትኛው የግራጫው እንደሆነ የሚነግራችሁ ጥምዝዙ ብቻ ነበር። እሱ ከጠፋ ወደ ሌላኛው ጫፍ ሄዶ አንድ በአንድ መፈተሽ ነው የቀረው።

የሚያሳስቱ ቀለሞችን አስቀድማችሁ እወቋቸው። ሰማያዊና ሐምራዊ፣ ቀይና ብርቱካናማ፣ ቡናማና ጥቁር፣ አቧራ የጠጣ ነጭና ግራጫ። አንዱን ሽቦ ለብቻው አይታችሁ አትወስኑ። አጣማሪውን እዩ። ግራጫ የመሰላችሁ ሽቦ ከሰማያዊ ጋር ከተጠመዘዘ፣ ነጭ ነው። ግራጫና ሰማያዊ ሁለቱም የሪንግ ቀለሞች ስለሆኑ አብረው አይጣመሩም። ቀለም መለየት የሚቸግረው ሰው ካለም ቶነሩ ያግዛል፤ ቀለም ሳያይ ፔሩን ያገኛል።

ብሎክ ላይ ማሰር

ብሎክ የኬብሉ ሽቦዎች በረድፍ የሚታሰሩበት ማገናኛ ሰሌዳ ነው። ቅደም ተከተሉ አንድ ነው። ከላይ ወደ ታች ወይም ከግራ ወደ ቀኝ፣ ቲፕ ይቀድማል፣ ሪንግ ይከተላል።

66 የሚባለው ብሎክ 50 ረድፍ አለው፤ ለ25 ፔር በቂ ነው። 1ኛው ረድፍ ነጭ–ሰማያዊ፣ 2ኛው ሰማያዊ–ነጭ፣ 3ኛው ነጭ–ብርቱካናማ፣ 4ኛው ብርቱካናማ–ነጭ እያለ 50ኛው ረድፍ ግራጫ–ሐምራዊ ላይ ያበቃል። ታች ስትደርሱ የመጨረሻው ሽቦ ሌላ ቀለም ከሆነ፣ መሐል ላይ አንድ ቦታ ዘላችኋል ማለት ነው። ይሄ ጥሩ ራስን መፈተሻ ነው።

ክሮን የሚባለው ዓይነት ግን በ10 ፔር የተከፋፈለ ነው። 25 ፔር ስታስገቡ ሦስተኛው ክፍል ላይ አምስት ቦታ ባዶ ይቀራል። እዚያ ላይ የሚቀጥለውን ኬብል አትጀምሩ። ባዶ ተዉት፤ ወይም መሣሪያ ቁጠባ የግድ ከሆነ የት እንደተጀመረ በጉልህ ጻፉ። ሁለት ኬብል የተጋራው ክፍል ነገ ሁሉም ሰው የሚሳሳትበት ቦታ ነው።

ሽቦውን አትላጡት። መምቻው ላስቲኩን ራሱ ሰንጥቆ መዳቡን ያስነክሳል። የመምቻው ስለት ትርፉን ወደሚቆርጠው ጎን መዞሩን አረጋግጡ፤ በተገላቢጦሽ ከያዛችሁት የገባውን ሽቦ ነው የሚቆርጠው። ጥምዝዙ እስከ መግቢያው ድረስ ይቆይ። ለኔትወርክ ኬብል የሚፈቀደው መፍታት 13 ሚሊ ሜትር ነው። ለስልክ እንዲህ የጠበቀ ባይሆንም ያንኑ ልማድ አድርጉት።

የማያስፈልጉ ፔሮችን አትቁረጧቸው። ስድስት መስመር ብቻ የሚሠራ ቢሆንም 25ቱንም እሰሩ። ሰባተኛው ሲጠየቅ ሥራው አንድ ሽቦ ማገናኘት ብቻ ይሆናል።

ስፕሊት ፔር፦ በቴስተር የማይያዘው ስሕተት

አንድ ሠራተኛ ለአንድ መስመር ነጭ–ሰማያዊን እና ብርቱካናማ–ነጭን ተጠቀመ እንበል። በሌላኛው ጫፍም እነዚያኑ ሁለቱን አሰረ። በቴስተር ሲለካ ሽቦው ይደርሳል። ስልኩ ይሠራል፣ ይደወላል፣ ድምፅ ይሰማል። ሥራው ያለቀ ይመስላል።

ግን አላለቀም። ስፕሊት ፔር፣ ማለትም የተከፈለ ፔር፣ የሚባለው ይሄ ነው። ሁለት ሽቦ የሚጠመዘዘው ከውጭ የሚመጣ ረብሻ ሁለቱን እኩል እንዲነካቸውና መጨረሻ ላይ እንዲጣፋ ነው። ከሁለት የተለያየ ፔር አንድ አንድ ሽቦ ሲወሰድ ያ መጣፋት ይቀራል። መስመሩ እንደ አንቴና ይሆናል። የጎረቤት መስመር ንግግር ውስጡ ይሰማል፤ የመብራት ሽቦ ጭርታ ይገባል። ዲኤስኤል (በስልክ ሽቦ የሚመጣ ኢንተርኔት) ከሆነ ደግሞ ፍጥነቱ ይወርዳል ወይም እየቆየ ይቆራረጣል። ደንበኛው ሞዴሙን ይቀይራል፣ ስልኩን ይቀይራል፤ ጥፋቱ ግን ብሎኩ ላይ ሁለት ሽቦ መሐል ነው።

መልቲሜትር ይህን አያሳይም፤ ለዲሲ ሽቦ ሽቦ ነው። የሚያሳየው ዓይን ነው። ስለዚህ ኬብሉን አስራችሁ ስትጨርሱ ሌላ ሥራ ሳትጀምሩ ከ1 እስከ 25 በጣታችሁ እየነካችሁ እያንዳንዱን ፔር በስሙ ጥሩት። ነጭ–ሰማያዊ፣ ሰማያዊ–ነጭ። ነጭ–ብርቱካናማ፣ ብርቱካናማ–ነጭ። አንድ ቦታ ላይ ምላሳችሁ ከተደናቀፈ እዚያው ቁሙ። ይህን ያህል ቀላልና ይህን ያህል የሚያድን ልማድ በዚህ ሥራ ውስጥ አላውቅም።

ሶኬት ላይ

መደበኛው የስልክ ሶኬት ስድስት ቦታ አለው። የመጀመሪያው መስመር መሐል ላይ፣ 3ኛውና 4ኛው ፒን ላይ ነው። ሁለተኛው መስመር ከነሱ ውጭ ባሉት 2ኛውና 5ኛው ላይ።

አሮጌ የቤት ሽቦ አራት ቀለም ነው ያለው፦ አረንጓዴ፣ ቀይ፣ ጥቁር፣ ቢጫ። ከአዲሱ ኬብል ጋር ሲገናኝ እንዲህ ነው። አረንጓዴ ከነጭ–ሰማያዊ ጋር፣ ቀይ ከሰማያዊ–ነጭ ጋር፣ ጥቁር ከነጭ–ብርቱካናማ ጋር፣ ቢጫ ከብርቱካናማ–ነጭ ጋር። አረንጓዴና ጥቁር ቲፕ፣ ቀይና ቢጫ ሪንግ ናቸው። ልብ በሉ፤ እዚህ ቀይ ሽቦ ኔጋቲቭ ነው። ከመኪና ወይም ከባትሪ ሥራ የመጣ ሰው ይህን በቀላሉ ይገለብጠዋል። ጥቁርና ቢጫው ደግሞ በድሮ ስልኮች ላይ የመደወያ አምፖል ኃይል ይወስዱ ነበር። ትራንስፎርመሩ የሆነ ቦታ ተሰክቶ ሊቀር ስለሚችል ለሁለተኛ መስመር ከመጠቀማችሁ በፊት ለኩት።

ቲፕና ሪንግ ቢገለበጡ ምን ይሆናል? ብዙው የዛሬ ስልክ ግድ የለውም። አንዳንድ አሮጌ የቁልፍ ስልኮች ግን ይሰማሉ እንጂ ቁጥር አይደውሉም። አንዳንድ የማስጠንቀቂያና የስልክ ማዞሪያ መሣሪያዎችም ይቸገራሉ። በትክክል ማሰር ተጨማሪ ጊዜ አይወስድም፤ ስለዚህ «ግድ የለውም» ብላችሁ አትለፉት።

በኔትወርክ ኬብል ስልክ ካስገባችሁ 568ኤ የሚባለውን የሽቦ አደራደር እመርጣለሁ። ሰማያዊው ፔር መሐል 4ና 5 ላይ፣ ብርቱካናማው 3ና 6 ላይ ይውላል። ይህ ከሁለት መስመር ስልክ አቀማመጥ ጋር ይገጥማል። ዋናው ነገር ግን በአንድ ሕንፃ ውስጥ 568ኤን እና ሌላውን አደራደር 568ቢን አለመቀላቀል ነው። የመረጣችሁትን በመዝገቡ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ጻፉ።

በእንግሊዝ አሠራር ደግሞ ዋናው መስመር 2 እና 5 ቁጥር ላይ ነው፤ 3 ቁጥር የደወል ሽቦ ነው። ስለዚህ ሶኬቱ ከየትኛው አገር ሥርዓት እንደሆነ ሳታዩ ፒን አትቁጠሩ።

የብሎክና የግድግዳ ቀለም

አሁን የምንነጋገረው ስለሌላ ቀለም ነው። ብሎኩ ከጀርባው ባለቀለም ሰሌዳ ወይም ባለቀለም መለያ ይኖረዋል። ይህ ቀለም ከሽቦው ቀለም ጋር ምንም ዝምድና የለውም። ሰማያዊ ሰሌዳ ላይ ያሉት ሽቦዎች 25 ዓይነት የቀለም ጥምረት ይኖራቸዋል። ጀማሪዎች እዚህ ይደናገራሉ፤ ስለዚህ አብሯችሁ ለሚሠራ ሰው ቀድማችሁ ንገሩት።

ቲአይኤ 606 በሚባለው ደረጃ መሠረት ብርቱካናማ የስልክ ድርጅቱ መስመር የሚያበቃበት ነው። አረንጓዴ ከዚያ ቀጥሎ የደንበኛው ወገን ነው። ሐምራዊ ፒቢኤክስ (የሕንፃው የውስጥ ስልክ ማዞሪያ) እና መሰል የጋራ መሣሪያ ነው። ነጭ ከዋናው ክፍል ወደየፎቁ የሚሄደው ዋና ኬብል፣ ግራጫ ከዚያ ቀጥሎ ያለው ሁለተኛ ደረጃ ኬብል። ሰማያዊ ወደ ቢሮና ወደ ክፍል ሶኬት የሚሄደው። ቡናማ ከሕንፃ ወደ ሕንፃ የሚሄደው። ቢጫ የማስጠንቀቂያ፣ የጥበቃና መሰል መስመሮች።

ትንሽ ሥራ ከሆነ ይህን ሁሉ ቀለም መግዛት አያስፈልግም። ብርቱካናማ፣ ሐምራዊና ሰማያዊ ብቻ ካላችሁ ከውጭ የመጣውን፣ ከመሣሪያው የመጣውንና ወደ ክፍሎች የሚሄደውን ለይታችኋል። ማገናኛ ሽቦው ሁልጊዜ ከአንዱ ቀለም ወደ ሌላው ነው የሚሻገረው።

መነካት የሌለባቸው መስመሮች ላይ ቀይ ክዳን አድርጉ። የሊፍት ስልክ፣ የእሳት ማስጠንቀቂያ፣ የጥበቃ መስመር። ቀይ ክዳን ያየ ሠራተኛ ሳይጠይቅ አይነቅልም።

መለያ መጻፍ

መለያው ሰውን ሳይሆን ቦታን ይጥራ። «የሒሳብ ክፍል» ወይም «የሥራ አስኪያጅ» ብላችሁ አትጻፉ። ቢሮ ይዛወራል፤ መለያው ግን እዚያው ይቀራል። ስልክ ቁጥርም ሽቦው ላይ አትጻፉ። ቁጥር ይቀየራል፤ ደግሞም ለማንም ዓይን ክፍት መሆን የለበትም። ቁጥሩ በመዝገቡ ውስጥ ይግባ።

እኔ የምጠቀመው እንዲህ ያለ ኮድ ነው፦ 2ሀ-ለ07። 2 ፎቁ ነው። ሀ የመገናኛ ክፍሉ ነው። ለ ብሎኩ ነው። 07 ቦታው ነው። ሰባትን «07» የምለው ዝርዝሩ በኮምፒውተር ሲደረደር 10 ከ2 በፊት እንዳይመጣ ነው።

በግዕዝ ፊደል ኮድ ስትሰጡ ድምፃቸው አንድ የሆኑትን አንዱን ብቻ ውሰዱ። ሀ ካለ ሐ እና ኀ አይኑሩ። ሰ ካለ ሠ አይኑር። አ ካለ ዐ፣ ጸ ካለ ፀ አይኑር። በስልክ «ብሎክ ሀ ላይ ያለውን ንቀል» ሲባል የትኛው ሀ እንደሆነ መከራከር አይገባም። ሀ፣ ለ፣ መ፣ ረ፣ ሰ፣ ቀ፣ በ ብላችሁ ሂዱ።

መለያው ሦስት ቦታ ላይ አንድ ዓይነት ሆኖ ይገኝ፦ ኬብሉ ላይ በሁለቱም ጫፍ፣ ብሎኩ ላይ፣ ሶኬቱ ክዳን ላይ። ኬብሉ ላይ የሚለጠፈው ልባሱ ካበቃበት በ30 ሳንቲ ሜትር ውስጥ ይሁን፤ ሳጥኑ ሲከፈት እንዲታይ። አንዱን ጫፍ ብቻ መሰየም የተለመደ ጥፋት ነው። ኬብሉን ከመሳባችሁ በፊት በሁለቱም ጫፍ ጊዜያዊ መለያ ለጥፉ፤ ከተሳበ በኋላ የትኛው የትኛው እንደሆነ ማንም አያስታውስም።

በእስክሪብቶ የተጻፈ ወረቀት በላብና በአቧራ ይጠፋል። ፕላስተር ሙቀት ሲነካው ይለቃል። ከራሱ ግልፅ ፕላስቲክ ጋር የሚጠቀለል፣ በማተሚያ የታተመ መለያ ተጠቀሙ። ጽሑፉ ከፕላስቲኩ ሥር ስለሚሆን አይነካም።

ፍተሻና መዝገብ

ኬብሉ ከመስመሩ ጋር ሳይገናኝ በአንድ ጫፍ ቲፕና ሪንጉን አገናኙ፤ በሌላው ጫፍ ኦም ለኩ። 0.5 ሚሊ ሜትር ሽቦ ከሆነ ለ100 ሜትር ኬብል ደርሶ መልስ ወደ 18 ኦም ታያላችሁ። ከዚህ በጣም ከበለጠ አንድ ቦታ ያልነከሰ ሽቦ አለ። ከዚያ ግንኙነቱን ፈትታችሁ እንደገና ለኩ፤ መልቲሜትሩ ክፍት መስመር ማሳየት አለበት።

መስመሩ ከተለቀቀ በኋላ የመልቲሜትሩን ቀይ ጫፍ ቲፕ ላይ፣ ጥቁሩን ሪንግ ላይ አድርጉ። 48 አካባቢ ፖዘቲቭ ካነበበ ትክክል ነው። ኔጋቲቭ ከሆነ ተገልብጧል። ከፒቢኤክስ ወይም በኢንተርኔት ከሚሠራ የስልክ መሣሪያ የሚመጣ መስመር ቮልቱ ሊያንስ ይችላል። ምልክቱን እዩ።

መዝገቡ ላይ ለእያንዳንዱ ፔር አንድ መስመር ይበቃል። የፔር ቁጥር፣ ቀለም፣ ከየት፣ ወዴት፣ አገልግሎት፣ ቀን። አንዱ ቅጂ በሳጥኑ በር ውስጠኛ ጎን ፕላስቲክ ውስጥ ይቀመጥ። ስልክ ቁጥር ያለበት ቅጂ ግን ለኃላፊው ይሰጥ።

ምንም ያልተጻፈበት አሮጌ ሳጥን ሲያጋጥም

ሁሉንም ነቅሎ እንደ አዲስ የመጀመር ፈተና አለ። አታድርጉት። መጀመሪያ ፎቶ አንሱ። ቀጥሎ እያንዳንዱን የሚሠራ መስመር አዳምጡና ከየት ወዴት እንደሚሄድ በቶነር ፈልጉ። ያገኛችሁትን ወዲያውኑ ሰይሙ፤ «በኋላ እጽፈዋለሁ» አይባልም። ቀለሙ ከሥርዓት ውጭ ታስሮ ግን እየሠራ ከሆነ፣ ባለቤቱ ካልፈቀደ አትንኩት። «ቀለም ያልጠበቀ» ብላችሁ መዝግቡትና ለሚቀጥለው ጥገና አቆዩት።

ድምፅ የማይሰማበት ፔር ሁልጊዜ የሞተ አይደለም። የሊፍት ስልክ ወራት ሙሉ ሳይነሳ ሊቆይ ይችላል። የማስጠንቀቂያ መስመርም እንዲሁ። ስለዚህ አትቁረጡ። «ያልታወቀ» የሚል መለያና ቀኑን ለጥፉበት። ለሕንፃው ኃላፊ በጽሑፍ አሳውቁ። የሚያውቀው ሰው ከሌለ ማገናኛውን ብቻ ንቀሉ፤ ሽቦው ቦታው ላይ ይቆይ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ማንም ካልጠየቀና ሊፍቱም ማስጠንቀቂያውም ተፈትሾ እየሠራ ከሆነ፣ ያኔ ፔሩን በመዝገቡ ላይ «ነፃ» ብላችሁ ቀይሩት።